የጽኑ ሕሙማን ክፍል በር፦ ታማሚውን ማንቃትና አስታማሚውን ማስገባት ለምን አንድ ሥራ ሆኑ?

በአገራችን ሆስፒታሎች አስታማሚ የሌለበት ሕክምና የለም ማለት ይቻላል። ካርድ የሚያወጣው፣ ምትክ ደም የሚለግሰው፣ ናሙና ይዞ ወደ ውጭ ላቦራቶሪ የሚሮጠው፣ ማዘዣ ይዞ ከፋርማሲ ፋርማሲ የሚዞረው፣ በተኝቶ ሕክምና ክፍል የሚያጥበውና የሚያጎርሰው እሱ ነው። ታማሚው ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ሲዛወር ግን ይኸው ሰው በር ላይ ይቀራል። ሩጫው አይቀርለትም፤ የሚቀርበት ታማሚውን ማየት ነው። ውስጥ ያለው ታማሚ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያስተኛ መድኃኒት ተሰጥቶት፣ እጁ በጎዝ ታስሮ፣ ቀንና ሌሊቱ ሳይለይለት ይሰነብታል።

የታማሚው ከልክ በላይ መተኛትና የበሩ መዘጋት ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ተደርገው ይታያሉ፤ አንዱ የመድኃኒት፣ ሌላው የጥበቃና የሥርዓት ጉዳይ ይመስላል። ነገር ግን አንዱ ሌላውን ያመጣል። ሌሊት ላይ አንዲት ነርስ ሦስት አራት ታማሚ ይዛ ስትሠራ፣ አንዱ ነቅቶ የመተንፈሻ ቱቦውን ለመንቀል እጁን ቢያነሳ ያላት አማራጭ መድኃኒት መጨመርና እጁን ማሰር ነው። በመተንፈሻ ማሽን ላይ ላለ ታማሚ የሚመከረው አንድ ነርስ ለአንድ፣ ቢበዛ ለሁለት ነው፤ ይህ በሌለበት ቦታ ዝም ብሎ የተኛ ታማሚ የተረጋጋ ታማሚ ተብሎ ይቆጠራል። ስለዚህ በሩን ለመክፈት ያላሰበ ክፍል ታማሚውን ለማንቃት ቢወስን ሸክሙን ሁሉ ነርሷ ላይ ይጥላል፤ ታማሚውን ለማንቃት ያላሰበ ክፍል ደግሞ በሩን ቢከፍት አስታማሚው የሚያየው የማይመልስለትን ገላ ብቻ ነው። ለውጡ የሚሠራው ሁለቱ አብረው ሲታሰቡ ነው።

ይህ ሕክምና ሲጀመር ታማሚው የተኛ፣ አልጋው ጎንም ሰው የሌለበት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1952 ኮፐንሃገን ውስጥ ከባድ የፖሊዮ ወረርሽኝ ሲነሳ ሐኪሙ ቢዮርን ኢብሰን መተንፈስ ያቃታቸውን ሰዎች ጉሮሯቸው ላይ በተከፈተ ቀዳዳ ቱቦ አስገብቶ አየር በእጅ እንዲገፋላቸው አደረገ። 1,500 ገደማ የሕክምናና የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች በየፈረቃው አልጋው ጎን ተቀምጠው ከረጢቱን በእጃቸው ሲጨምቁ ከረሙ። ከ80 በመቶ በላይ የነበረው የሞት መጠን ከግማሽ በታች ወረደ፤ በቀጣዩ ዓመት መጨረሻም በዚያው ከተማ የመጀመሪያው የጽኑ ሕሙማን ክፍል ተከፈተ። ከታማሚዎቹ ብዙዎቹ ንቁ ነበሩ፤ ተማሪዎቹም ያጫውቷቸው ነበር። በጥልቀት ማስተኛት የተለመደው በኋላ፣ ማሽኖቹ ከታማሚው አተነፋፈስ ጋር መስማማት ባልቻሉበት ዘመን ነው። ማሽኖቹ ከተሻሻሉ ቆይተዋል፤ ልማዱ ግን እስካሁን አለ።

ማንቃት ማለት መድኃኒት ማቆም ብቻ አይደለም

እ.ኤ.አ. በ2000 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ በ128 ታማሚዎች ላይ የተደረገ ጥናት የሚያስተኛው መድኃኒት በየቀኑ ሲቋረጥላቸው የመተንፈሻ ማሽን ቆይታቸው ከ7.3 ቀን ወደ 4.9 ቀን፣ የክፍሉ ቆይታቸው ከ9.9 ወደ 6.4 ቀን እንደሚያጥር አሳየ። በ2008 ደግሞ በ4 የአሜሪካ ሆስፒታሎች በ336 ታማሚዎች ላይ ማንቃቱን ያለ ማሽን ድጋፍ ከመተንፈስ ሙከራ ጋር ያጣመረ ጥናት ታተመ፤ በዚህ መንገድ ከታከሙ ሰባት ሰዎች አንዱ በሌላው መንገድ ቢታከም ኖሮ ዓመት ሳይሞላው ይሞት እንደነበር ውጤቱ ያመለክታል። በ2012 የወጣ ሌላ ጥናት ግን ሁለቱም ወገን ቀድሞውንም ቀለል ባለ መጠን ብቻ እንዲተኛ ሲደረግ በየቀኑ ማቋረጡ ተጨማሪ ጥቅም አላሳየም። ሦስቱን አንድ ላይ ስናነብ ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ዋጋ ያለው ታማሚው ከልክ በላይ አለመተኛቱ ነው። የታማሚው ንቃት በሚለካበት በሪችመንድ መለኪያ፣ ከ+4 (በጣም ከሚታገል) እስከ -5 (ፈጽሞ ከማይነቃ) በሚሄደው፣ ለአብዛኛው ታማሚ የሚፈለገው ከ0 እስከ -2 ያለው ነው፤ ሲጠሩት ዓይኑን ገልጦ የሚያይ ማለት ነው። የጭንቅላት ግፊት የጨመረበት፣ የሚጥል ሕመም ያላቆመለት፣ ወይም ጡንቻ የሚያዝል መድኃኒት የሚወስድ ታማሚ ከዚህ ውጭ ነው።

ከእንቅልፉ በፊት ሕመሙ ይታያል። ቱቦ የገባለት ሰው አመመኝ ማለት ስለማይችል አራት ነገሮች ይመዘናሉ፤ የፊቱ መኮማተር፣ የሰውነቱ እንቅስቃሴ፣ የጡንቻው መወጠርና ከማሽኑ ጋር መስማማቱ። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 2 ይሰጠዋል፤ ድምሩ 3 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ታማሚው አሞታል ማለት ነው፣ ይታከማል። ሳክሽን (አክታን በቀጭን ቱቦ መሳብ)፣ ማገላበጥ፣ የቁስል እጥበትና የደረት ቱቦ ማውጣት በጣም ከሚያሙት ውስጥ ናቸው። ማስታገሻው ከሥራው በፊት ይሰጣል፤ በደም ሥር የሚሰጥ ሞርፊን ከሆነ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ ፌንታኒል ከሆነ ጥቂት ደቂቃ ቀደም ብሎ። ያመመውን ሰው በሚያስተኛ መድኃኒት ዝም ማሰኘት ሕመሙን አያጠፋውም፤ እንዳይታይ ያደርገዋል እንጂ።

በእኛ ሁኔታ ብዙ ጊዜ ነገሩን የሚያበላሸው የመድኃኒቱ ዓይነትና አሰጣጡ ነው። ዳያዜፓም ርካሽና በቅርብ የሚገኝ ነው፤ ከሰውነት ለመውጣት ግን ቀናት ይፈጃል። በየስድስት ሰዓቱ ሲሰጥ ይጠራቀማል፤ መድኃኒቱ ከተቋረጠ በኋላም ታማሚው ሁለት ሦስት ቀን አይነቃም፤ ቤተሰቡም ሐኪሙም አእምሮው ተጎድቷል ብለው ይሰጋሉ። ኩላሊቱ ወይም ጉበቱ የደከመ ታማሚ ላይ ይብሳል። በመጠን የሚያንጠባጥብ ፓምፕ በሌለበት ክፍል ደግሞ በአንዴ የሚሰጠው መድኃኒት ታማሚውን ወይ በጣም ያስተኛዋል ወይ ያባንነዋል። እዚህ የሚያዋጣው ቀላል ደንብ አለ፦ ማንኛውም የሚያስተኛ መድኃኒት ከመሰጠቱ በፊት የሪችመንድ ነጥቡ ይጻፍ፤ ነጥቡ -3 እና ከዚያ በታች ከሆነ ሰዓቱ ቢደርስም መድኃኒቱ አይሰጥ።

የማንቃቱ ሥራ ሐኪሙ ባለበት ሰዓት፣ ለምሳሌ ጠዋት ከ2 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ቢሆን ይመረጣል። ሕመም ላለበት የሚሰጠው ማስታገሻ ይቀጥላል፤ የሚያስተኛው ይቆማል። ታማሚው ከተጨነቀ፣ የኦክስጅን መጠኑ ከ88 በመቶ በታች ወርዶ 5 ደቂቃ ከቆየ፣ ትንፋሹ በደቂቃ ከ35 በላይ ሆኖ ከዘለቀ ወይም የልብ ምቱ ከተዛባ መድኃኒቱ ይመለሳል፤ ሲመለስ ግን በቀድሞው መጠን ግማሽ ነው። ብዙዎች የሚስቱት እዚህ ነው። ታማሚው ቢታገል «አልተሳካም» ተብሎ ሙሉ መጠኑ ይመለሳል፤ ለሳምንትም የሚሞክር የለም። ከተሳካ ደግሞ፣ የሚያስፈልገው ኦክስጅን 50 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ሆኖ የደም ግፊቱ ብዙ ድጋፍ የማይሻ ከሆነ፣ ከ30 ደቂቃ እስከ 2 ሰዓት በራሱ የመተንፈስ ሙከራ ይደረግለታል።

አስታማሚው የሚገባው በዚህ ሰዓት ነው። የነቃ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ጭንብል ያጠለቀ እንግዳ ፊት፣ የሚሰማውም የማሽን ጩኸት ከሆነ ቱቦውን ለመንቀል መታገሉ አይደንቅም። ከዋዜማው ለልጅ ወይም ለትዳር ጓደኛ ምን እንደሚደረግ ተነግሮ፣ ነርሷ አጠገብ ሆና፣ እጅ ይዞ በአጭሩ እንዲናገር ማድረግ ይቻላል፦ «እማዬ፣ እኔ ነኝ። ሆስፒታል ነሽ። አፍሽ ውስጥ ያለው ቱቦ ስለሚያስተነፍስሽ መናገር አትችዪም። ከሰማሽኝ እጄን ጨበጥ አድርጊ።» ይህ ደጋግሞ ይባላል፤ ታማሚው ከደቂቃዎች በኋላ ስለሚረሳው። እጅ የሚይዝ ሰው ባለበት ሰዓት የእጅ ማሰሪያው ይፈታል፤ አስታማሚው ከመውጣቱ በፊት ለነርሷ ይናገራል።

መቃዠቱን ቀድሞ የሚያየው ማን ነው?

ዲሊሪየም፣ የአእምሮ ድንገተኛ መናወዝ፣ በጽኑ ሕሙማን ክፍል በጣም ይበዛል። አንዳንዱ ይጮኻል፣ የሌለ ሰው ያያል፣ ከአልጋ ሊወርድ ይታገላል። ብዙው ግን ዝም ብሎ ጣራ ያያል፤ ይህኛው ጸጥተኛ ስለሆነ ያመልጣል። ቤተሰቡ ግን በአንድ እይታ «ይሄ የእኛ ሰው አይደለም፣ ተለውጧል» ይላል። ያ ንግግር የምርመራ መረጃ ነው፤ ፋይሉ ላይ ሊጻፍ ይገባል።

ካም አይሲዩ የሚባለው ምርመራ ሁለት ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። መጀመሪያ የአእምሮው ሁኔታ ድንገት መለወጡ ወይም መለዋወጡ ይጠየቃል፤ ቀጥሎ ትኩረቱ ይፈተናል። በፊደል የሚደረገው ፈተና ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ የተሠራ ነው፤ በቁጥር የሚደረገው ግን ለማንም ይሆናል። ፊደል ላልቆጠሩ እናትና አባትም ይሠራል። «አንድ ስል እጄን ይጨብጡኝ» ተብሎ አሥር ቁጥር በዝግታ ይነበባል፦ ስምንት፣ አንድ፣ ሰባት፣ አምስት፣ አንድ፣ አራት፣ አንድ፣ አንድ፣ ሦስት፣ ስድስት። አንድ ሲባል አለመጨበጥም ሌላ ሲባል መጨበጥም ስሕተት ነው፤ ከሁለት በላይ ከሳተ ትኩረቱ ተዛብቷል። ከዚያ የንቃቱ ደረጃ ይታያል፤ ትክክለኛ ንቃት ላይ ከሆነም አራት የአዎ ወይም የአይደለም ጥያቄ ይጠየቃል፦ ድንጋይ ውኃ ላይ ይንሳፈፋል? ባሕር ውስጥ ዓሣ አለ? አንድ ኪሎ ከሁለት ኪሎ ይከብዳል? በመዶሻ ሚስማር ይመታል? ምርመራው በመድኃኒት እንቅልፍ ጠልቆ ባለ ሰው ላይ አይሠራም፤ ታማሚውን ማንቃት ቅድሚያ የተሰጠው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ዲሊሪየም ከተገኘ መፍትሔው ሌላ የሚያስተኛ መድኃኒት አይደለም። ምክንያቱ ይፈለጋል፤ ኢንፌክሽን፣ የኦክስጅን ማነስ፣ የስኳር መውረድ፣ የሶዲየም መዛባት፣ የተዘጋ የሽንት ቱቦ፣ ያልታከመ ሕመም፣ የሆድ ድርቀት፣ ድንገት የተቋረጠ አልኮል ወይም ዳያዜፓም። ከዚያ መነጽሩና የመስሚያ መሣሪያው ከቤት ይምጣለት፤ ሌሊት መብራቱ ይቀነስ፤ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የሚደረገው ገላ ማጠብ ወደ ጠዋት ይሸጋገር። ቀኑና ሰዓቱ በሚያውቀው አቆጣጠር ይነገረው። የነርሶች መዝገብ በ24 ሰዓት የሚጻፍ ቢሆንም ለታማሚው «ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው፣ ጥቅምት 12 ነው» መባል አለበት። ለቤተሰቡም ይህ የአንጎል ሕመም እንደሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ እንደሚለቅ፣ ታማሚው የሚናገረው ከልቡ እንዳልሆነ ገና ከመነሻው ይነገር። ሳይነገራቸው ሲቀር መንፈስ ያዘው ይሉና ታማሚውን ይዘው ለመውጣት ይጠይቃሉ፤ መፍራታቸውም ተገቢ ነው።

የአቆጣጠሩ ነገር ውጭ አገር ላሉ ወገኖቻችን የበለጠ ክብደት አለው። አሜሪካ ሆስፒታል የተኛች እናት «ዓመቱ ስንት ነው?» ስትባል በኢትዮጵያ አቆጣጠር ብትመልስ ሰባት ስምንት ዓመት የጎደለ መልስ ሆኖ ይመዘገባል፤ ሰዓቱንም ብትናገር ስድስት ሰዓት ይዛነፋል። ቤተሰብ ይህን ቀድሞ ለነርሷ ማሳወቅ አለበት። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል የአሜሪካ ሆስፒታል ብቁ አስተርጓሚ ያለ ክፍያ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ድንገተኛ አደጋ ካልሆነ በቀር ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅን አስተርጓሚ ማድረግ አይፈቀድለትም። ልጆች እንግሊዝኛው ስለሚቀናቸው እናታቸው የምትሞት መሆኑን ራሳቸው እንዲያስተረጉሙ የሚደረግበት ቤት ብዙ ነው። አስተርጓሚ ይምጣልን ማለት መብት ነው።

በሩ ሲከፈት

በሩ እንዳይከፈት ከሚነሱት ምክንያቶች ዋናው ኢንፌክሽን ነው። በብራዚል 36 የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው ጥናት በቀን እስከ 12 ሰዓት የሚፈቅደውን ከተለመደው አጭር ጉብኝት ጋር አነጻጸረ። በክፍሉ የሚያዝ ኢንፌክሽን አልጨመረም፤ የሠራተኛው መሰላቸትም እንዲሁ። የቤተሰቡ ጭንቀትና ድብርት ቀነሰ። ዲሊሪየም ግን አልቀነሰም፤ 18.9 በመቶ ከ20.1 በመቶ ጋር ልዩነት የለውም። ስለዚህ ቤተሰብ ማስገባት ብቻውን አእምሮ ይጠብቃል ማለት አይቻልም። በጥናቱ ውስጥ አንድ ትንሽ የምትመስል ነገር ነበረች፦ ረጅሙን ሰዓት የሚያገኝ አስታማሚ ስለ ክፍሉ አሠራር የሚያስረዳ ስብሰባ አስቀድሞ ይካፈል ነበር። ሳያስተምሩ በሩን መክፈት የተፈተነው ነገር አይደለም።

ለእኛ ክፍሎች የሚሆነው አንድ በስም የተመዘገበ አስታማሚና አንድ ተቀያሪ፣ ባለፎቶ ወይም ባለማኅተም ካርድ ይዘው፣ በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ ነው። ዕድሩና ማኅበሩ ውጭ ይጠብቃል። ሲገባና ሲወጣ እጁን ቢያንስ 60 በመቶ አልኮል ባለው ማጽጃ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ያሻል፤ የሚታይ ቆሻሻ ካለ በሳሙናና ውኃ። ሆስፒታሎች ጫማ ማስቀየርና ጋዋን ማስለበስ ላይ ብዙ ጉልበት ያፈሳሉ፤ ጀርሙ በዋናነት የሚተላለፈው ግን በእጅ ነው፣ በሠራተኛውም እጅ ጭምር። በሩ ላይ ሽርጡ ተሰቅሎ የእጅ ማጽጃው ጠርሙስ ባዶ ከሆነ ሥርዓቱ ተገልብጧል። የሚያስል፣ የሚያተኩሰው ወይም የሚያስቀምጠው አስታማሚ አይገባም።

ከገባ በኋላ ሥራ ይሰጠው። ከንፈር በውኃ በራሰ ጎዝ ማርጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ ፀጉር ማበጠር፣ ነርሷ ካሳየችው በኋላ የጣትና የቁርጭምጭሚት መገጣጠሚያዎችን በዝግታ ማንቀሳቀስ፣ በየሁለት ሰዓቱ ሲገላበጥ ማገዝ ይችላል። ታማሚውን ብቻውን ማስቀመጥ ወይም ማቆም አይችልም። እንቅስቃሴ ቶሎ መጀመሩ እ.ኤ.አ. በ2009 በ104 ታማሚዎች ላይ በጣም ጠቅሞ ታይቷል፤ ከሆስፒታል ሲወጡ ራሳቸውን ችለው የሚንቀሳቀሱት 59 በመቶ ሲሆኑ በተለመደው ሕክምና 35 በመቶ ነበሩ። በ2022 የወጣው ትልቁ ጥናት ግን መጠኑን አብዝቶ መግፋት ተጨማሪ ጥቅም እንደሌለውና ጉዳት እንደሚያበዛ አሳይቷል። ልክ አለው።

ሁለት ነገሮች በስም ተጠቅሰው መነገር አለባቸው፤ ስላልተነገሩ ነውና በድብቅ የሚደረጉት። አንዱ ጸበል ነው። ቱቦ ያለበትን ሰው በአፉ ማጠጣት ፈሳሹን ቱቦው ዙሪያ አሳልፎ ወደ ሳንባ ሊከተው ይችላል፤ ቱቦው ጫፍ አካባቢ ያለው በአየር የሚነፋ ፊኛ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ውኃ ግፊት ቢኖረውም ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። ግንባርና እጅ በጸበል ማበስ ግን ይቻላል፤ ቁስልና የደም ሥር መስመር እስካልነካ ድረስ ማንንም አይጎዳም። «ክልክል ነው» ብቻ የተባለ ቤተሰብ ነርሷ ዞር ስትል ያጠጣል፤ የሚቻለው የተነገረው ግንባር አብሶ ይመለሳል። ሌላው አጥሚት ነው። ከቤት የመጣ ወፍራም አጥሚት በአፍንጫ የገባውን ቀጭን ቱቦ ይዘጋል፤ ቱቦው ተነቅሎ እንደገና ሲገባ ታማሚው ይደማል፣ ያስመልሰዋል። በክፍሉ የምግብ ባለሙያ ፈቃድ ከሆነ ቀጥኖ፣ በጥሩ ወንፊት ተጠልሎ፣ በንጹሕ ዕቃ ይምጣ፤ የሚሰጠው ነርሷ ናት። ታማሚው ራሱን ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ቀና ብሎ፣ ቱቦው በፊትም በኋላም ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ውኃ ይታጠባል።

የማዘዣው ሩጫ

ስለ ቤተሰብ እንክብካቤ በውጭ ቋንቋ የተጻፉ መመሪያዎች የማያነሱት አንድ ነገር አለ። የእኛ አስታማሚ ገዢም ነው። ጠዋት አንድ አንቲባዮቲክ፣ ቀትር ላይ የሳክሽን ካቴተር (አክታ የሚሳብበት ቀጭን ቱቦ)፣ ማታ አልቡሚን (ከደም የሚዘጋጅ በደም ሥር የሚሰጥ ፕሮቲን) ግዛ ይባላል፤ በየጊዜው ወረፋ፣ በየጊዜው ትራንስፖርት። ሐኪሙ ለማነጋገር ሲወጣ የሚያገኘው ጎረቤት ወይም ታናሽ ወንድም ነው፤ የሚወስነው ሰው ፋርማሲ ሄዷል። መረጃው በሦስተኛ አፍ ሲደርሰው ተለውጧል። ክፍያው ሲከብድ ደግሞ መጠኑ እየተቆረጠ ይገዛል፤ የሰባት ቀን መድኃኒት ሦስት ቀን ተሰጥቶ ይቆማል፤ ኢንፌክሽኑ ይመለሳል።

ይህን ሙሉ በሙሉ መፍታት የአቅርቦትና የጤና መድን ጉዳይ ነው። ክፍሉ ራሱ ግን ብዙ ሊያቀል ይችላል። ድንገተኛ ካልሆነ በቀር ማዘዣ በቀን አንድ ጊዜ፣ ከራውንድ (ሐኪሞች ታማሚዎችን በየአልጋው ከሚያዩበት ጉብኝት) በኋላ ተጠቃሎ ይውጣ። የሚቀጥሉት 3 ቀናት ሊያስፈልጉ የሚችሉት ዕቃዎች ዝርዝር አብሮ ይሰጥ። በሆስፒታሉ ፋርማሲ መኖሩን ለማጣራት ቤተሰቡ መስኮት ለመስኮት አይዙር፤ ከክፍሉ ስልክ ይደወል። ተገዝቶ የተረፈው በስሙ ተመዝግቦ ይመለስለት። የማይጠቅም ነገር አይታዘዝ፤ ቤተሰቡ በሬውን ሸጦ የሚገዛው አልቡሚን ለዚያ ታማሚ የረባ ጥቅም ከሌለው ማዘዣውን የጻፈው እጅ ተጠያቂ ነው።

ምን እንደተባለ ማን ያውቃል?

በፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ጥናት ሐኪም ካነጋገራቸው ቤተሰቦች ከግማሽ በላዩ ሕመሙን፣ ሕክምናውን ወይም ተስፋውን በቅጡ እንዳልተረዱ አሳይቷል። ሰባት ዓመት ቆይቶ በዚያው አገር በ22 ክፍሎች የሚሞቱ ታማሚዎች ባሏቸው 126 ቤተሰቦች ላይ የንግግሩ አደራረግ ተፈተነ። በአዲሱ አደራረግ ስብሰባው 30 ደቂቃ፣ በቀድሞው 20 ደቂቃ ነበር። ትልቁ ልዩነት ግን ቤተሰቡ የተናገረበት ጊዜ ነው፤ 14 ደቂቃ ከ5 ደቂቃ ጋር። ከ90 ቀን በኋላ ከባድ የሥነ ልቦና ቁስል ምልክት የታየባቸው 45 በመቶ ሲሆኑ በሌላው ወገን 69 በመቶ ነበሩ። ቤተሰብን የሚያክመው ሐኪሙ አብዝቶ ማስረዳቱ ሳይሆን ቁጭ ብሎ ማዳመጡ ነው።

በእኛ ዘንድ ንግግሩ ኮሪደር ላይ፣ ቆመው፣ በሰው መሐል ይደረጋል። ክፍል ካልተገኘ የዋና ነርሷ ቢሮ ለግማሽ ሰዓት ይለቀቅ። ታማሚው በገባ በ72 ሰዓት ውስጥ የመጀመሪያው ስብሰባ ይደረግ፤ ሐኪሙ፣ ታማሚውን የያዘችው ነርስና ከቤተሰቡ ሁለት ወይም ሦስት ሰው ይገኙ። የሚናገረው ታላቅ ወንድም ወይም ከከተማ የመጣ አጎት ቢሆንም፣ አጠገቡ ዝም ብላ የተቀመጠችው ሚስት ታማሚው ምን ይወድ፣ ምን ይፈራ እንደነበር የምታውቀው እሷ ናት፤ በስሟ ተጠርታ ትጠየቅ። መጀመሪያ «እስካሁን ምን ተነግሯችኋል?» ይባል። መጨረሻ ላይ «አሁን ወደ ቤት ሲደውሉ ምን ብለው ይነግሯቸዋል?» ተብሎ መልሱ ይደመጥ፤ የተዛባው ያኔ ይታረማል።

ቃላቱ ላይ መጠንቀቅ ይገባል። «ማሽኑ ነው የያዘው» የሚለው አባባል ሰውየው ሞቷል፣ ገንዘብ እየተበላ ነው ተብሎ ይተረጎማል። «እግዚአብሔር ያውቃል» ብቻ ብሎ መሄድ ደግሞ ሐኪሙ የሚያውቀውን ደብቆ መሄድ ነው። «ሳንባው እየባሰ ነው፤ ሊሞት ይችላል ብለን እንሰጋለን፤ እስከ ሐሙስ ይህን መድኃኒት እንሞክርና እንደገና እንነጋገራለን» የሚለው ግልጽ ነው፤ ቀን አለው፣ የሚቀጥለው ንግግር መቼ እንደሆነም ይታወቃል። መርዶ በሽማግሌ፣ በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ በሚነገርበት ኅብረተሰብ ውስጥ ሞትን በስልክ ለአንድ ብቸኛ ሰው መንገር ጭካኔ ነው። ታማሚው ሲገባ «ከባድ ነገር ቢመጣ በቅድሚያ ለማን እንንገር?» ተብሎ ስምና ስልክ መመዝገብ ቀላል ነው። ኢንተርኑ፣ ሬዚደንቱና ነርሷ የተለያየ እንዳይናገሩም በየቀኑ ፋይሉ ላይ አንድ መስመር ትጻፍ፦ ዛሬ ለቤተሰብ የተነገረው።

«ማሽን የገባ አይወጣም» የሚለው እምነት ብዙ ሰው ሕክምናውን እንዲሸሽ ያደርጋል። ለእምነቱ ምክንያት አለው፤ አልጋ ጥቂት ስለሆነ፣ ሪፈሩም ስለሚዘገይ፣ ብዙዎች የሚደርሱት በመጨረሻው ሰዓት ነው። ይህን በግልጽ ማስረዳት ከመቆጣት ይሻላል።

ሞት መቅረቡ ሲታወቅ የነፍስ አባት ወይም ሼህ የሚገባበት ሰዓት ከጉብኝት ሰዓት ጋር አይያያዝም። ሙስሊም ታማሚ ቤተሰቡ ከጠየቀ አልጋው ወደ ቂብላ ይዞርለት፤ ሸሃዳ ጆሮው ላይ የሚያሰማለት ሰው ይግባ። ብዙ ቤተሰብ ደግሞ ሳይሞት ወደ አገሩ እንውሰደው ይላል፤ በደብሩ መቀበርን፣ የአስከሬን ማጓጓዣውንም ዋጋ ያስባሉ። «በራሳችን ፈቃድ ወጥተናል» ብሎ አስፈርሞ መሸኘት የተለመደ ነው፤ ግን በቂ አይደለም። የመንገዱ ሰዓት ይቆጠር፦ 10 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር በ150 ባር 1,500 ሊትር ኦክስጅን አለው፤ በደቂቃ 10 ሊትር ቢሄድ ሁለት ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን ያደርሳል፣ ደሴ አያደርስም። የሕመምና የትንፋሽ ጭንቅ ማስታገሻ ከአሰጣጡ ጋር ይሰጣቸው፤ ሰውየው መንገድ ላይ ቢሞት ምን እንደሚያደርጉም ይነገራቸው።

ከክፍሉ የወጣው

ከጽኑ ሕሙማን ክፍል መውጣት መዳን ተደርጎ ይከበራል፤ ሆኖም ብዙዎች ለወራት ደረጃ መውጣት ያቅታቸዋል፣ ይረሳሉ፣ ሌሊት ይባንናሉ። አስታማሚውም እንቅልፍ ያጣል፣ ስልክ ሲጮህ ይደነግጣል። ይህ የታወቀ ሕመም እንደሆነ ለሁለቱም በጽሑፍ መነገር አለበት። በአውሮፓ አንዳንድ ክፍሎች ነርሶችና ቤተሰብ በየቀኑ የሆነውን የሚጽፉበት ደብተር አልጋው ጎን ያስቀምጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት ደብተሩ የሥነ ልቦና ቁስልን ከ13 ወደ 5 በመቶ እንደቀነሰ አሳየ፤ በ2019 የወጣው ትልቅ የፈረንሳይ ጥናት ግን ልዩነት አላገኘም። ቢሆንም ደብተር ርካሽ ነው፤ ለተወሰኑ ቀናት ሕይወቱ ባዶ ለሆነበት ሰው ምን እንደሆነ የሚነግረው ሌላ ነገር የለውም።

በጣም የሚያሳስበው ጉሮሮው ላይ ቱቦ ይዞ ወደ ቤት የሚሄደው ነው። ሁለት የቤተሰብ አባላት ከመውጫው ቀን በፊት ሳክሽኑን ራሳቸው ደጋግመው ሠርተው ሊታዩ ይገባል፤ ማየት ብቻውን አያስተምርም። ካቴተሩ ውፍረቱ ከቱቦው የውስጥ ስፋት ግማሽ አይበልጥ፤ እያንዳንዱ መሳብ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ አያልፍ። ውስጠኛ ቱቦ ካለው ቢያንስ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ወጥቶ ይታጠባል፤ አክታው ደርቆ የሚዘጋው እሱን ነውና። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ በእግር የሚረገጥ ሳክሽን ይሻላል። ተመሳሳይ ቁጥር ያለው አንድ፣ አንድ ቁጥር ያነሰ ሌላ መለዋወጫ ቱቦ ሁልጊዜ ከታማሚው ጎን ይቀመጣል። መውጫ ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ስልክም የክፍሉ፣ ሌሊትም የሚነሳው ይሁን።